ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ እና ሙሉ፦ ጅዳ ልሂድ ወይስ አዲስ አበባ ልቅር?

ጥያቄ፦ «ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ነበርኩ። ጨረቃ ፀሐይ ላይ ገብታ ቀለበት ስትሠራ አይቻለሁ። ደስ ይላል፤ ግን እንደሚወራው ቀኑ ሌሊት አልሆነም። አሁን ጅዳ የምትኖረው እህቴ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. እዚያ ሙሉ ግርዶሽ ስለሚሆን ልጅሽን ይዘሽ ነይ ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹አንዴ አይተሻል፤ አዲስ አበባም በከፊል ይታያል፤ ለዚህ ብሎ ቲኬት መቁረጥ ምን የሚሉት ነው?› ይላል። ማንን ልስማ? ልጄ 9 ዓመቷ ነው። በግርዶሽ ቀን ልዩ ጨረር ስለሚወርድ ልጅ ከቤት አይውጣ የሚሉም አሉ። በራጅ ፊልም ወይም ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጎ ማየትስ ይበቃል?»

መልስ፦

እህትዎን ይስሙ። የባለቤትዎ ሐሳብ የተነሣው ግን ብዙ ሰው ከሚሳሳትበት ነገር ነው። እርስዎ ላሊበላ ላይ ያዩት ሙሉ ግርዶሽ አልነበረም። የቀለበት ግርዶሽ ነው። ሁለቱ በስም ይቀራረባሉ እንጂ በሚታየው ነገር ፈጽሞ አይገናኙም።

የፀሐይ ስፋት ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ርቀቷም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ከምድር ሆነን ስናያቸው እኩል ይመስላሉ። ጨረቃ ግን በምድር ዙሪያ የምትሄደው በተስተካከለ ክብ አይደለም። አንዳንዴ ወደ 356 ሺህ ኪሎ ሜትር ትቀርባለች፤ አንዳንዴ ወደ 406 ሺህ ትርቃለች። ራቅ ስትል ታንሳለች፤ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መክደን ያቅታትና ዳር ዳሩን ታስተርፋለች። የላሊበላው ቀለበት ያ የተረፈው ዳር ነው። በሐምሌ 26ቱ ግን ጨረቃ ቀርባ ትገኛለች፤ ፀሐይ ደግሞ ከምድር በምትርቅበት ወቅት ላይ ነች። ክዳኑ ከድስቱ ይሰፋል ማለት ነው።

«ታዲያ ያች ቀጭን ቀለበት ብትቀር ምን ለውጥ ታመጣለች?» ይሉኝ ይሆናል። ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400 ሺህ ጊዜ ያህል ትደምቃለች። ከፊቷ ላይ አንድ እጅ ከመቶ ብቻ ቢቀር እንኳ የሚቀረው ብርሃን በሺዎች የሚቆጠሩ ሙሉ ጨረቃዎች በአንድ ጊዜ ቢወጡ እንደሚሰጡት ነው። በዚያ ብርሃን ውስጥ ሰማዩ ሰማያዊ እንደሆነ ይቆያል፤ ኮከብም አይወጣም። ዓይናችን ደግሞ ቀስ ብሎ ከሚቀንስ ብርሃን ጋር ራሱን ያለማምዳል፤ ብዙ መቀነሱ እንኳ አይታወቀንም። በፀሐይ ዙሪያ ሁልጊዜ ያለው የጋዝ አክሊል ግን ድምቀቱ ከፀሐይ ፊት በሚሊዮን እጅ ያነሰ ነው። እሱን ለማየት ፀሐይ መቶ ከመቶ መከደን አለባት። ዘጠና ዘጠኝ አይበቃም።

ይህን በቁጥር ብቻ አላወቅሁትም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2024 ኦሃዮ፣ አሜሪካ ነበርኩ። ኮሎምበስ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ከተማ ናት። የጥላው መንገድ፣ ማለትም ግርዶሹ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት መስመር፣ ጫፉ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ በኩል ነበር ያለፈው። መሀል ከተማው ውጭ ቀረ፤ የፀሐይዋ 99 ከመቶ በላይ ተሸፍኖ ማለት ነው። እኛ አራት ሆነን በጠዋት ተነሣን። ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነድተን ዋፓኮኔታ ገባን። የኒል አርምስትሮንግ የትውልድ ከተማ ናት፤ ጨረቃን የረገጠው ሰው ባደገበት ሜዳ የጨረቃን ጥላ መጠበቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ጓደኛችን «ዘጠና ዘጠኝ ከሆነ እዚሁ አየዋለሁ፤ ሥራም አለኝ» ብሎ መሀል ከተማ ቀረ።

እሱ ያየው ይህን ነው። ቀኑ ደብዘዝ አለ፤ ደመና ያለፈ መሰለ፤ ትንሽ በረደው፤ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ማታ ስልክ ደውሎ «ያ ነው እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደምነግረው ቸገረኝ።

እኛ ያየነው እንዲህ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆን ነገር የለም ማለት ይቻላል። በግርዶሽ መነጽር ሲያዩት ፀሐይ ከዳር ተነክሳ ቀስ እያለች ወደ ማጭድ ትለወጣለች። መነጽሩን አውልቀው ዙሪያውን ሲያዩ ቀኑ ቀን ነው። የመጨረሻው 15 ደቂቃ ላይ ግን ብርሃኑ እንግዳ ይሆናል። ማታ ሲመሽ እንደምናውቀው ቢጫና ቀይ አይሆንም። እንደ ብር ይገረጣል። ጥላዎች ስለታም ይሆናሉ፤ የእጄን ጸጉር ጥላ አስፋልቱ ላይ አንድ በአንድ ማየት ችዬ ነበር። ከዛፍ ሥር ያለውን መሬት የቅጠሎቹ ክፍተቶች በመቶ ትናንሽ ማጭዶች ሞሉት። አንዲት እናት ከቤት የፓስታ ማጥለያ ይዛ መጥታ ነበር። በነጭ ወረቀት ላይ ስትይዘው እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አንድ ማጭድ ጣለ፤ ልጆች ተሰበሰቡባት።

ከዚያ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ወፎቹ ጫጫታቸውን ተዉ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ እንደ ከባድ ዝናብ ጠቆረና ወደ እኛ መጣ። ያ የጨረቃ ጥላ ነው፤ ከድምፅ ይፈጥናል። የመጨረሻው የፀሐይ ክር በጨረቃ ተራሮች መሀል ተበጣጥሶ እንደ ዶቃ ሆነ፤ ዶቃዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ አንዷ ብቻ ቀርታ እንደ አልማዝ ቀለበት በራች። ጠፋች። መነጽራችንን አወለቅን።

ፀሐይ በነበረችበት ቦታ ክብ፣ ጥቁር ነገር ነበር። እንደዚያ የጠቆረ ነገር ሰማይ ላይ አይቼ አላውቅም። ዙሪያውን ነጭ፣ ሐር የመሰለ ብርሃን ወደ ውጭ ተበትኗል። ኮሮና ይባላል፤ በላቲን አክሊል ማለት ነው። በ2012 ዓለምን የዘጋው ቫይረስም ስሙን ያገኘው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህን አክሊል ስለሚመስል ነው። ከጥቁሩ ክብ ሥር ደማቅ ሮዝ ነጥብ ወጥታ ነበር፤ ከፀሐይ የተነሣ የጋዝ ምላስ ናት፤ ያለ ምንም መሣሪያ ትታይ ነበር። ቬነስ ከታች በቀኝ፣ ጁፒተር ከላይ በግራ በቀን በራ። ዙሪያችንን ስናይ አድማሱ በአራቱም አቅጣጫ ጀምበር የጠለቀች መሰለ፤ ከጥላው ውጭ ያለው አገር ብርሃን ነው። ድቅድቅ ጨለማ አይሆንም፤ ይህን ጠብቀው እንዳይሄዱ። ጀምበር ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ በኋላ ያለውን ድንግዝግዝ ያስቡ።

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አለቀሱ። ከእኛ አንዷ «በስመ አብ» ብላ አማተበችና ሌላ ቃል ጠፋት። ብዙ ሰው ይጮኻል፤ ለምን እንደጮኸ ሲጠየቅ ግን አያውቅም። ሰውነት ከአእምሮ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ፀሐይ ስትጠፋ ልብ ይመታል። ሳይንሱን ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እኔም ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። ወደ 4 ደቂቃ የቆየ ነገር 30 ሴኮንድ መሰለኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ። የሐምሌ 26ቱ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027፣ ሰኞ የሚውለው ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በደቡብ ስፔን፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሊቢያ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ የሶማሊያን ቀንድ ይነካል። ረጅሙ ሙሉ ግርዶሽ ሉክሶር፣ ግብፅ አጠገብ 6 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ይቆያል። ይህን የሚበልጥ እስከ 2114 እ.ኤ.አ. ድረስ የለም። ጅዳ ላይ ወደ 6 ደቂቃ ነው። መካ ከ5 ደቂቃ በላይ ታገኛለች። እኛ ኦሃዮ ካየነው በጣም ይረዝማል። ጅዳና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አይምታታብዎት፤ ጅዳ ላይ ሙሉው የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሙሉው የትም ቦታ አይታይም። ከፊሉ ይታያል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተጠጉ ቁጥር የሚሸፈነው ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሐምሌ ማለት ክረምት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ራሷ ብትታይ ዕድለኛ ነዎት። ሪያድና መዲናም ከመንገዱ ውጭ ናቸው፤ «ሳዑዲ ነኝ፤ ይበቃኛል» ብሎ ሪያድ የተቀመጠ ዘመድ ካለዎት ይንገሩት። የጥላው ስፋት 258 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከእሱ ውጭ አንድ ኪሎ ሜትርም ቢሆን ውጭ ነው። ዳሩ ላይ ከሆኑ ደግሞ ገባሁ ቢሉም የሚያገኙት ሴኮንዶች ነው። ጅዳ ለመሀሉ ቅርብ ናት፤ ስለዚህ ከእህትዎ ሰገነት መውጣት ብቻ ይበቃል። ሌላ ከተማ መባዘን አያስፈልግም።

ችግሩን አልደብቅም። በዚያ ወቅት ጅዳ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ ደግሞ ይጨመርበታል። ደመና ብዙ አያሰጋም፤ አቧራና ጭጋግ ግን ሰማዩን ሊያነጣው ይችላል። እንዲህ ከሆነ አክሊሉ ይታያል፤ ረጃጅም ጨረሮቹ ግን ይደበዝዛሉ። ለአየሩ ጥራት ብቻ ቢሆን ሉክሶር ትሻል ነበር። ሆኖም እዚያ ሆቴሎች በግርዶሽ አዳኞች ይጨናነቃሉ፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ለእርስዎ ቤተሰብ ያለበት ጅዳ ይሻላል፤ ልጅ ይዞ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብ መሆን ከጥቂት ሴኮንድ ጭማሪ ይበልጣል። ቪዛና ቲኬቱን ግን ወራት ቀድመው ይጨርሱ። ሳዑዲ ውስጥ ሜዳ ላይ የሚሠሩ ወገኖችም ይህን ይወቁ፤ በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ግርዶሹ የሚውለው እዚያ ውስጥ ነው። በመስጊዶች የኩሱፍ ሰላት፣ ማለትም የግርዶሽ ጸሎት፣ ስለሚሰገድ መንገዱም በዚያ ሰዓት የተለመደው አይሆንም።

«ልዩ ጨረር» የሚባለው እውነት አይደለም። በግርዶሽ ቀን ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን ትናንት ከመጣው አንድ ነው፤ ያውም ያንሳል። ልጅም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ምግብም አይጎዳም። ዓይን የሚጎዳበት ምክንያት ሌላ ነው። በሌላ ቀን ፀሐይን ትኩር ብለን አናይም፤ ዓይናችን ራሱ ይመልሰናል። በግርዶሽ ቀን ግን ድምቀቷ ስለሚቀንስ ዓይን አይሸሽም፤ ያች ቀጭን ማጭድ ደግሞ በቦታዋ እንደ ቀድሞው ታቃጥላለች። የዓይን ጀርባው፣ ሬቲና የሚባለው፣ ሕመም የሚያውቅ ነርቭ የለውም። ሲቃጠል አይሰማም። ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ፣ ሲያነቡ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ሲመጣ ነው የሚታወቀው። አንዳንዱ ይድናል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ስለዚህ የራጅ ፊልሙን ይተዉት። ብርሃኑን ያጠቁረዋል፤ የማይታየውን የሙቀት ጨረር ግን ያሳልፋል፤ ጨለማ ስለሚመስል ደግሞ ረጅም ጊዜ እንድናይ ያታልለናል። በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲ፣ የተደራረበ የፀሐይ መነጽር፣ ሁሉም ያው ነው። የሳፋው ውሃ እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ በእሱ ላይ ሲመክሩኝ አድጌያለሁ። ግን ሒሳቡ አያስኬድም። ትክክለኛው የግርዶሽ መነጽር ከመቶ ሺህ እጅ ብርሃን ከሦስት ብዙም የማይበልጥ ነው የሚያሳልፈው። ውሃ ላይ ከላይ የወረደ ፀሐይ ደግሞ ከመቶ ሺህ ሁለት ሺውን ወደ ዓይን ይመልሳል። በመቶዎች እጥፍ የበዛ ነው።

የሚገዙት መነጽር አይኤስኦ 12312-2 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ጽሑፍ ይኑረው። ጽሑፉ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። ከታወቀ የሥነ ፈለክ ዕቃ ሻጭ ይግዙ። ከዚያ ቤት ውስጥ አድርገው አምፖል ይመልከቱ። አምፖሉ ጨርሶ ካልታየ ወይም በጣም ደብዝዞ ከታየ ጥሩ ነው። ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ በሩ ከታየዎት ይጣሉት። የተጫረ ወይም የተቀደደም እንዲሁ። የብየዳ መስታወት ካገኙ ቁጥር 14 ይሁን። ባይኖኩላር ወይም ቴሌስኮፕ ላይ የግርዶሽ መነጽር አጥልቆ ማየት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ መነጽሩን ያቀልጠዋል። ማጣሪያው ከመሣሪያው ፊት ነው የሚገባው።

ብዙ ሰው ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይሳሳታል። መነጽሩን በሙሉው ጊዜ ሁሉ አያወልቅም። በእነዚያ 6 ደቂቃዎች ውስጥ በመነጽር የሚታይ ምንም ነገር የለም፤ ጨለማ ብቻ ነው። ያን ያህል መንገድ ሄዶ አክሊሉን ሳያይ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ ስትጠፋ ይውለቅ። በሌላው ጫፍ የመጀመሪያዋ ነጥብ ብቅ ስትል ወዲያው ይመለስ። አዲስ አበባ ለሚቀር ሰው ግን መነጽር የሚወልቅበት አንዲት ሴኮንድ የለችም። ሪያድም እንዲሁ።

ስልኩን ይርሱት። ይህን የምለው ጸጽቶኝ ነው። ኦሃዮ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ካሜራ ሳስተካክል አባከንኩ፤ የወጣልኝ ነጭ ጭጋግ መሀል ያለች ነጥብ ናት። ከፈለጉ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ ሰዎቹ ያዙሩትና ቪዲዮ ያስጀምሩ። ከዓመታት በኋላ የሚጣፍጠው የልጅዎ ፊትና ጩኸት ነው፤ የፀሐይዋን ፎቶ ሌሎች አሳምረው ያነሡታል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቲኬቱን እቆርጣለሁ፤ ሁለት ቀን ቀድሜ ጅዳ እገባለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መነጽር፣ ሁለት ትርፍ ይዤ። ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ከራስ በላይ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት፤ አንገት ይታመማል፤ ስለዚህ ሰገነቱ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍና በጀርባ ይተኛ። አጠገቡ ነጭ አንሶላ ይዘርጉ፤ ከሙሉው በፊትና በኋላ ባሉት ሴኮንዶች እንደ ውሃ ሞገድ የሚንቀሳቀሱ ስስ ጥላዎች ሊያልፉበት ይችላሉ። ሁልጊዜ አይታዩም። ከፊሉ ጊዜ ረጅም ስለሆነ ልጅቷ እንዳትሰለች በየአሥር ደቂቃው አንዴ ብቻ ትመልከት፤ በቀረው ጊዜ ጥላ ውስጥ ትቀመጥ፤ ማጥለያውን ለእሷ ይስጧት።

ሐምሌ 26 ከመድረሱ በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ ይለማመዱ። አንድ ሰው «አውልቁ!» ሲል ሁሉም ያወልቃል፤ «መነጽር!» ሲል ሁሉም ይመልሳል። ያን የሚጠራ አንድ አዋቂ አስቀድሞ ይመረጥ። ሰዓት በእጁ ይዞ 5 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ሲሆን «ደረሰ» ይበል። ሰው አክሊሉን ሲያይ ጊዜ ይጠፋበታል፤ የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ማንንም አያስጠነቅቅም። የ9 ዓመት ልጅ ሦስት ቀን ከተለማመደች ከሁላችሁም ፈጥና ታጠልቃለች።